ማለዳ የተሞሉት ጆንያዎች

እጆቿ የጆንያውን አፍ የሰፋውን ክር እየፈቱ ነበር። ይህም መላ አለው። ክሩ ከተሳሳተው ጫፍ ከተሳበ ይቋጠራል፤ ከትክክለኛው ጫፍ ከተሳበ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል። ሴትዮዋ የትኛው ጫፍ እንደሆነ ማየት እንኳ አያስፈልጋትም፣ ጣቶቿ ያውቁታል። ተረተረችው፤ ጆንያውን አቅፋ ገለበጠችውና የዶሮ መኖው ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፈ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረገች። አምስቱም ጆንያ ካለቀ በኋላ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የያዘችውን ሞላሰስ፣ ያንን ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ በውሃ በርዛ በመዳፏ እየዘገነች ክምሩ ላይ ረጨች። ከዚያ አካፋዋን አነሳች፤ ከሥር እየዛቀች ወደ ጎን ትገለብጥ ጀመር።

በዚያ የመኖ ማቀነባበሪያ ግቢ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «እትዬ አካፋ» ነበር የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት መኖ ደባልቃለች። አካፋዋን ሌላ ሰው እንዳይነካባት ማታ ማታ ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፤ ጎረቤቶቿም «ባልሽን ይዘሽ መጣሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ከዚህ ግቢ መኖ እየገዛች በጓሮዋ ዶሮ ታረባለች። ዛሬ የተፈቱት አምስት ጆንያዎች፣ ሦስቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ዛሬ ማለዳ የተሞሉት፣ የልጇ ናቸው።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ማለዳ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈሩ አስተማሪ የገዟቸውን አራት ጆንያ በእጅ ጋሪ አስጭነው ሲያበቁ ወደ እሷ መጡ።

«እሜቴ አካፋ! እኛ የተሰፋ ስንጭን አንቺ የተሰፋ ትፈቻለሽ?»

«የልጄ ነው፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል።

«የልጅሽ ከኔ በምን ይለያል? የቀዳነው ከአንድ ጎተራ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ለምንድን ነው?»

አካፋዋን ገታ አደረገች። ከቢሮው በር ላይ ፎርማኑ ቆሟል፤ የቁልፍ ቀለበቱን በጣቱ እያሽከረከረ ወደ እነሱ ያያል።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ» አለች። «እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም።»

አስተማሪው ሳቁ። «እኔም አለብኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስም ስጠራ ኖሬ እንዴት ልተወው? አሁን ቄቦቼን ጧት ጧት በስም እየጠራሁ ነው የምቆጥራቸው። አንዷማ ወሬኛ፣ ሰው ሲናገር የምታቋርጥ፣ አንዲት የድሮ ተማሪዬን ቁርጥ! ልጅሽን ማለቴ ነው።»

እሷም ሳቀች። ጋሪው ተንቀሳቀሰ። «ጋሼ፣ ይቆዩ» ለማለት ሁለት ቃል ነበር የሚበቃት። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ፎርማኑ አሁንም በሩ ላይ ነው። ጋሪው ከግቢው ወጣ፤ እሷም አካፋዋን ወደ ክምሩ መለሰች።

ምን እንደፈራችና ምን እንደምታውቅ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በድሮው አሠራር ሁለት ሴቶች ክምሩን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄት አስቀድሞ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ለብቻ ይታሻል፤ ጥቂት ነገር ብዙ ነገር ላይ በአንድ ጊዜ ከተጣለ አንድ ቦታ ይደበቃልና። ከዚያ ያ ድብልቅ በተከካው በቆሎና ዘይቱ ከተጨመቀ ኑግ በሚተርፈው ፋጉሎ ላይ ይነሰነሳል፤ ክምሩ ሦስት ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ ይገለበጣል፤ መጨረሻ ላይ ሞላሰስ ይረጫል። ሞላሰሱ ለዶሮዋ እንዲጣፍጣት ብቻ አይደለም፤ ደቃቁ ከሻካራው ጋር ተጣብቆ እንዲኖር ነው።

ኋላ ማሽን ገባ። ማሽኑ እንደ ትልቅ በርሜል እየተሽከረከረ መኖውን አሳምሮ ይደባልቀዋል፤ ይህን እሷም አልካደችም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተደባለቀው መኖ በባልዲ ሰንሰለት ሦስት ፎቅ ያህል ሽቅብ ይወጣና ሲሎ ወደሚሉት ረጅም የብረት ጎተራ ከአናቱ ቁልቁል ይለቀቃል። ማታ ይሞላል፤ ጠዋት ከሥሩ እየተከፈተ ጆንያ ይሞላበታል። ሞላሰስም ቀረ። ቱቦ ይዘጋል ተባለ።

እሷ ደግሞ ክምር ሲፈስ እያየች ነው ያረጀችው። መኖ ከከፍታ ሲወርድ ሻካራው ከክምሩ አናት ተንከባሎ ወደ ዳር ይሸሻል። ደቃቁ መንከባለል አይሆንለትም፤ በሻካራው መካከል ሾልኮ ይገባና እዚያው መሐል ላይ ይቀመጣል። የሲሎው አፍ ሲከፈትም ሁሉም እኩል አይወርድም። መሐሉ እንደ ጉድጓድ እየሰረገ ቀድሞ ይፈሳል፤ የዳሩ ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ መሐል የተጠራቀመው ደቃቅ በማለዳዎቹ ጆንያዎች ውስጥ ነው የሚገባው። ጨው ቀድሞ እንደ በቆሎው ክክ ሻካራ ስለነበረ ነገሩ ብዙም አልታወቀም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን እንደ ዱቄት የላመ ጨው መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከመጀመሪያው ጆንያ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል አደረገች፤ ምላሷን ጠበሳት። ከሰዓት በኋላ ከተሞላው ስትቀምስ ጨው የሚባል የለውም። ወዲያው ፎርማኑን ጠራችው።

«ና እስቲ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«እትዬ፣ ስንት ጭነት እየጠበቀኝ!»

«ሻይህን ከምትጠጣበት ጊዜ ያነሰ ነው።»

የተደፋ ሣጥን ላይ ወጣች፤ አንድ ባልዲ መኖ ከራሷ በላይ አንስታ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ አንቆረቆረችው። ክምር ሆነ። ወረደችና ክምሩን በአካፋዋ እንደ ዳቦ ለሁለት ገመሰችው። ዳር ዳሩ ቢጫ በቆሎ ነው፤ ልቡ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነገር ተጋድሟል።

«ቅመሰው» አለችው።

«እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ?»

በዙሪያው የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ።

«አንተማ ምርጫ አለህ። እነሱ ናቸው የሌላቸው።»

«ሲሎውን የሠራው መሐንዲስ ነው፣ እትዬ፤ አካፋ አይደለም። እሺ፣ ማሽኑ ከአሥር ደቂቃ ይልቅ ሃያ ደቂቃ ይዙር። ደስ አለሽ?»

«ሃያም ይዙር መቶ፣ ያው ነው። ማሽኑ ያጋባውን አወዳደቁ ያፋታዋል።»

ሠራተኞቹ ደግመው ሳቁ፤ በዚህኛው ግን የሳቁት በፎርማኑ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ይህን ወሬ ደንበኛ ፊት ያነሳሽ ቀን ከነአካፋሽ ትወጫለሽ። ጡረታሽ ስንት ቀረው?»

አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶት ነበር። እሱም ያውቃል።

ለዚህ ነው ሐሙስ ዕለት አስተማሪው ሲጠይቋት «ልማድ» ያለችው። የልጇን መኖ በእጇ አስተካከለች፤ ለሌላው ሰው ደግሞ «ምናልባት ምንም አይሆንም» ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ ምክንያት አያስፈልገውም። አንድ ዓመት ከአራት ወር በቂ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አስተማሪው ግቢው በር ላይ ደረሱ። የያዙት ድሮ ደብተር ሲያመላልሱበት የነበረውን የቆዳ ቦርሳ ነው። ከፍተው አንዲት የሞተች ቄብ አወጡና በዘበኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት።

«ውሃ ውሃ ሲሉ ነው የሞቱት» አሉ። «ውሃ ዕቃው ላይ ተደፍተው፣ ተንገዳግደው። መቶ ስልሳ ነበሩ። ዛሬ ስም ስጠራ የተረፉልኝ ሰባት ብቻ ናቸው።»

ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ያንኑ ይዘው መጡ። ሁሉም የገዙት በዚያ ሳምንት፣ ማለዳ ላይ ነው።

ከመኖ ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ተላከ። አስተማሪው ከአራቱ ጆንያ አንዱን ገና አልከፈቱትም ነበርና በጋሪ መልሰው አመጡት። ወጣቱ የጆንያውን አፍ ፈታ፤ ከላይ ሁለት ጭብጥ ዘግኖ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨመረ።

«ልጄ፣ ከላይ አይደለም» አለችው እትዬ አካፋ። «በድንጋይ መንገድ ደርሶ መልስ ተንገጫግጯል። ሲንገጫገጭ ሻካራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ደቃቁ ሾልኮ ሥር ይገባል። ወይ ሙሉውን ዘርግፈው፣ ወይ ክንድህን እስከ ታች ስደደው።»

«እማማ፣ መመሪያው ሁለት መቶ ግራም ነው የሚለው።»

«ሁለት መቶው ከየት እንደሆነ አይልም?»

«ተዋት» አለ ፎርማኑ። «የሷ ላብራቶሪ ምላሷ ነው።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ከረጢቱን አሰረ። ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር፤ እንዳይቆሽሽበት ነው መሰለኝ ክንዱን ወደ ጆንያው አልሰደደም።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሦስቱን ደንበኞች፣ ፎርማኑን፣ ዘበኛውንና እሷን በቢሮው ሰበሰበ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ጨው በተፈቀደው መጠን ውስጥ ነው። ከመኖው ምንም አልተገኘም።

«ከላይ ዘግኖ ነዋ!» አለች። «ጨው ነው የፈጃቸው። ማለዳ የሚሞላው ጆንያ ጨው ይበዛበታል። ሲሎው መሐል መሐሉን ነው አስቀድሞ የሚያወርደው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ብትለው ኖሮ ፎርማኑ ወዮለት፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ያዩት ነገር ነው። ግን አስተማሪው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ተማሪ መልስ እስኪያወጣ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ማክሰኞ ካለች ሐሙስ ዕለት እያወቀች ዝም ብላ እንዳስጫነቻቸው መናገሯ ነው። ያን ፊት እያየች ያን ማለት አቃታት።

«አሁን ነው» አለች። «ዶሮዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው የገባኝ።»

የፎርማኑ ቁልፎች መንቀጫቀጫቸውን አቆሙ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ከሞቱ በኋላ ከሆነ ያወቀችው፣ ሐሙስ የልጇን ጆንያ ለምን ፈታች? የልጇ ዶሮዎች አንድም አልሞቱም። ያው ቀን፣ ያው ሲሎ። መርዙን ያላወቀ ማርከሻውን ከየት ያውቃል? ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይተዋት የለ?»

«አይቻለሁ» አሉ አስተማሪው። «ጥቁር ነገር ትረጭ ነበር።»

«ሞላሰስ ነው!» አለች።

«ሞላሰስ ከዚህ ግቢ ከጠፋ ወር አልፎታል» አለ ፎርማኑ።

«ከቤቴ ነው ያመጣሁት።»

«ለምን?»

የነበራትን መልስ ቅድም በራሷ አፍ ዘግታዋለች።

«ስጠይቃት ልማድ ነው አለችኝ» አሉ አስተማሪው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዘበኛው ዞረ። «በዚህ ሁሉ ዓመት እትዬ አካፋ የተሰፋ ጆንያ ስትፈታ አይተህ ታውቃለህ?»

ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። «እኔስ አላየሁም፣ ጌታዬ።»

አስተማሪው ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ። «ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬአለሁ» አሉ። «የሚዋሽ ልጅ አውቃለሁ። ስለ ጨው የምትይውን ምን ብዬ ልመን?» ባርኔጣቸውን ደፉና ወጡ።

የኮሪደሩ በር ሲዘጋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ማክሰኞ ነው ያወቅሁት! ማክሰኞ! ለሱም ነግሬዋለሁ፣ ክምሩን ገምሼ አሳይቼዋለሁ፣ ጠይቁት!»

«ቅድም ከሞቱ በኋላ ነበር፣ አሁን ማክሰኞ ሆነ» አለ ፎርማኑ። «ትንሽ ብንታገሣት ዓምና ትለናለች።»

ከደንበኞቹ አንዱ ሳቀ። ክምሩ ሲገመስ የነበሩትን ሠራተኞች የጠየቃቸው የለም፤ ሳይጠየቁ የሚናገሩም አልተገኙም። እነሱም ጡረታ የሚጠብቁ ናቸው። በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ተሰጣት፤ «ባዕድ ነገር በመጨመር» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ገጽ አለቀ።

ልጇ ዘንድ የጠበቃት ደግሞ ከደብዳቤው የከፋ ነበር። ልጅቱ የዶሮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ዶሮዎቹ ደህና ሆነው ይጭራሉ።

«ሰፈሩ ሁሉ እንቁላሌን መግዛት አቁሟል፣ እማዬ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እየነገሩኝ ይመለሳሉ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«አውቃለሁ ለኔ ብለሽ እንደሆነ! እሱ እኮ ነው የገደለኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። እሳቸው አጠገብሽ ቆመው የኔን ብቻ…» ሳትጨርስ አለቀሰች። «ምነው የኔም በሞቱ!»

እናትየው ልጇን ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱም አልከለከለቻትም። ግን አልተጠጋችም። ዶሮዎቹን በወሩ ሸጠቻቸው፤ የሸጠችውም ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ገበያ ወስዳ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ዘበኛው መንገድ ላይ አገኛትና ዓይኑን ሰብሮ አንድ ነገር ነገራት። ሲሎው አናት ሥር ጃንጥላ የመሰለ ቆርቆሮ ተገጥሟል፤ የሚወርደው መኖ መሐል እንዳይከመር ወደ ዳር ዳር ይበትነዋል። ሞላሰስም ተመልሷል። ሐሳቡ የፎርማኑ ነው ተብሎ ፎቶግራፉ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ደግ ነው» አለች። «ዶሮዎቹ ይዳኑ።» ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ቤቷ ከገባች በኋላ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠች እራት ሳትበላ አደረች።

ወደ አስተማሪው ቤት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። መጀመሪያ አልተከፈተላትም። ሁለተኛ ጊዜ ከበሩ ጀርባ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ምን ሥራ ቀርቷቸው ነው፣ ባዶ የዶሮ ቤት ይጠርጉ ይሆናል። ሦስተኛ ጊዜ የከፈቱላት አዲስ ተከራዮች ናቸው። ሽማግሌው ሩቅ አገር ያለችው እህታቸው ዘንድ ገብተዋል አሏት፤ የት እንደሆነ ግን አያውቁም። አሁን አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የሰው እህል እያበጠረች ትኖራለች። ሥራ አስኪያጁ ቢያምን ባያምን ግድ የላትም፤ ደብዳቤውንም ረስታዋለች። የምትፈልገው እኒያ ሰው እውነቱን እንዲያውቁ ብቻ ነው፤ እውነቱም እሷን ነጻ የሚያወጣ አይደለም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች ሆይ፣ እህታቸው ቤት የገቡ ጡረተኛ አስተማሪ በሰፈራችሁ ካሉ፣ እባካችሁ ሂዱና ንገሯቸው። ታውቅ ነበር በሏቸው። ጋሪዎ ከበሩ ሲወጣ ታውቅ ነበር በሏቸው። ፈርታ ነው ብላችሁ አትጀምሩ፣ አታለዝቡት፤ ለምን እንደሆነ የምትነግሯቸው እሳቸው ከጠየቁ ብቻ ነው። ካልጠየቁም ግድ የለም፤ የሚሉትን ሁሉ አድምጡና ክፉም ቢሆን ሳትቀንሱ አምጡላት።